የሌሊት የባት መሸማቀቅ፣ የደም ግፊት ክኒንና የጡንቻ ማዕድናት

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ዕድሜዬ 52 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አጽዋማትን እጾማለሁ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ማለዳ ለአንድ ሰዓት ያህል እሮጣለሁ፤ ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ። ካለፉት ጥቂት ወራት ወዲህ ሌሊት ባቴ እየተሸማቀቀ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል፤ ደረጃ ስወጣም ጭኔ ቶሎ ይዝላል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ማዕድን አንሶህ ነው ብላ የማግኒዥየም ክኒን ልካልኛለች፤ የሩጫ ባልደረቦቼ ደግሞ ከሩጫ በፊት ጨው በውሃ በጥብጬ እንድጠጣ ይመክሩኛል። ለመሆኑ ከምግብ የምናገኛቸው ማዕድናት ለጡንቻ የሚሠሩት ምንድን ነው? የጾም ምግብስ ያሳጣናል? ክኒኑን ለእናቴም ብሰጣት ይጠቅማታል? የ78 ዓመት ሴት ናት፤ ለልቧ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ትወስዳለች።»

ምላሼ በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በዋናነት በጠየቁት ነገር ላይ ሳይሆን በመሐል በአንዲት ሐረግ ጠቅሰው ባለፉት መድኃኒት ላይ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ሲሆን፣ ለጡንቻ ሥራ እጅግ አስፈላጊ ከሆኑት ማዕድናት ሁለቱ፣ ማለትም ፖታሲየምና ማግኒዥየም፣ በሽንት እንዲወጡ ያደርጋል። ስለዚህ ማዕድን በእርግጥ አንሶዎት ከሆነ፣ ከገበታዎ ጎድሎ ሳይሆን በኩላሊትዎ በኩል ወጥቶ የመሆኑ ዕድል ይበልጣል፤ ይህ ደግሞ ከክኒኑ በፊት የላቦራቶሪ ምርመራ እንዲቀድም ያስገድዳል። ለምን እንዲህ እንደምል ግልጽ እንዲሆን ማዕድናቱ በጡንቻ ውስጥ የሚሠሩትን በቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል።

ጡንቻ የሚኮማተረው በነርቭ በኩል ትእዛዝ ሲደርሰው ነው። ትእዛዙ በነርቩ ርዝመት የሚጓዘው በጨው ውስጥ የሚገኘው ሶዲየም ወደ ሕዋሱ ሲገባና ፖታሲየም ተከትሎ ሲወጣ በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ለውጥ አማካይነት ሲሆን፣ ነርቩ ከጡንቻው ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ላይ ካልሲየም ወደ ነርቩ ይገባና አሴቲልኮሊን የተባለው ኬሚካል እንዲለቀቅ ያደርጋል። አሴቲልኮሊን በጡንቻው ሽፋን ላይ ያንኑ የኤሌክትሪክ ለውጥ እንደገና ይቀሰቅሳል፤ ለውጡም ወደ ጡንቻው ሕዋስ ዘልቆ፣ በልዩ ከረጢቶች ውስጥ ተከማችቶ የቆየውን ካልሲየም ያስለቅቃል። በጡንቻው ውስጥ አክቲንና ማዮሲን የሚባሉ ሁለት ዓይነት የፕሮቲን ክሮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ጡንቻው በሚያርፍበት ጊዜ ማዮሲን አክቲንን እንዳይጨብጥ ትሮፖማዮሲን የተባለ ሌላ ፕሮቲን እንደ በር መቀርቀሪያ ሆኖ ይከለክለዋል። የተለቀቀው ካልሲየም ትሮፖኒን በተባለውና ጃፓናዊው ሴትሱሮ ኤባሺ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባገኘው ፕሮቲን ላይ ሲያርፍ መቀርቀሪያው ይነሳል፤ ማዮሲን አክቲንን ይዞ ይስባል፤ ጡንቻውም ያጥራል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው፣ መኮማተር ብቻ ሳይሆን መላላትም ኃይል የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ነው። ጡንቻው እንዲላላ የተለቀቀው ካልሲየም በፓምፕ ወደ ከረጢቱ መመለስ አለበት። በዕረፍት ላይ ባለ የጡንቻ ሕዋስ ውስጥ በነጻ የሚንቀሳቀሰው ካልሲየም ከሕዋሱ ውጭ ካለው ጋር ሲነጻጸር ከ10,000 አንድ እጅ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ልዩነት ጠብቆ ማቆየት ብዙ ኃይል ይፈጃል። ማዮሲንም ቢሆን የጨበጠውን አክቲን የሚለቀው ኤቲፒ የተባለውን የሕዋሳት የኃይል ምንጭ ሲያገኝ ነው፤ ሰው ከሞተ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አስከሬኑ የሚደርቀው ኤቲፒ አልቆ ክሮቹ እንደተያያዙ ስለሚቀሩ ነው። ኤቲፒ ደግሞ በሕዋስ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ከማግኒዥየም ጋር ተጣምሮ ሲሆን፣ ኃይሉን የሚሰጡት የፎስፌት ትስስሮች የሚሠሩት ከፎስፈረስ ነው። በአንዲት እርምጃ ብቻ አምስት ማዕድናት ተራ በተራ ይሠራሉ።

ከእነዚህ መካከል ስሙ በብዛት የሚነሳው ካልሲየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ላይ እንግሊዛዊው ሐኪም ሲድኒ ሪንገር የእንቁራሪት ልብ በጨው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ለረጅም ጊዜ ሲመታ ተመለከተ፤ ጨዉ በተጣራ ውሃ በተበጠበጠ ጊዜ ግን ልቡ ብዙም ሳይቆይ መምታቱን ያቆም ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የለንደን የቧንቧ ውሃ በውስጡ የያዘው ካልሲየም ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በየሆስፒታሉ በደም ሥር የሚሰጠው ሪንገር ላክቴት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሰው ነው። ይሁንና የልብ ጡንቻና የእግር ጡንቻ በዚህ ረገድ ይለያያሉ። የልብ ጡንቻ በእያንዳንዱ ምት ከውጭ የሚገባ ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ የእግር ጡንቻ ግን በራሱ ከረጢት ውስጥ ባለው ስለሚጠቀም፣ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ስለቀነሰ ብቻ ወዲያውኑ አይዝልም። እንዲያውም የሚታየው ተቃራኒው ነው። ካልሲየም ከነርቭ ሽፋን ውጭ ሆኖ የሶዲየም መግቢያ በሮች ያለ ምክንያት እንዳይከፈቱ ስለሚያረጋጋ፣ መጠኑ ሲቀንስ ነርቮች ያለ ትእዛዝ መልእክት መላክ ይጀምራሉ፤ ከንፈርና የጣት ጫፎች ይደነዝዛሉ፣ እጅና እግር ይጨመደዳሉ። በድንጋጤ ወይም በጭንቀት ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ጣቶቹ የሚጨመደዱትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አጠቃላይ ካልሲየሙ ሳይቀንስ፣ የደሙ አሲድነት በመቀነሱ ከፕሮቲን ጋር የሚጣበቀው ካልሲየም ይበዛና በነጻ የሚሠራው ያንሳል።

እንዲህ ያለው የካልሲየም መቀነስ በምግብ ብቻ የሚመጣው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ከሰውነታችን ካልሲየም 99 በመቶው ያለው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ዝቅ ማለት ሲጀምር ፓራታይሮይድ የሚባሉት እጢዎች የሚያመነጩት ሆርሞን ከአጥንት ያስወጣል፣ ኩላሊት እንዳያባክንም ያደርጋል። በዚህ የተነሳ ለዓመታት ካልሲየም ያነሰው ምግብ የሚበላ ሰው የደም ምርመራው ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፤ የሚጎዳው አጥንቱ ነው። «ማዕድን አንሶህ ነው» የሚለው የተለመደ ምክር የሚስተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጡንቻ ለዕለት ተዕለት ሥራው የሚመካው በደሙና በሕዋሱ ውስጥ ባለው የማዕድን መጠን ላይ ነው፤ ይህን መጠን ደግሞ ሰውነት ከሌላው ቦታ እየቀነሰም ቢሆን አጥብቆ ይጠብቀዋል። ጥበቃው የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ በተቅማጥ፣ በትውከት፣ በኩላሊት ወይም በእጢ ሕመም፣ በአልኮል ብዛትና በመድኃኒት ነው እንጂ አንድ ሰሞን ወተት ወይም ሙዝ ባለመብላት አይደለም።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ፖታሲየም ነው። በሰውነታችን ካለው ፖታሲየም 98 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በሕዋሳት ውስጥ ሲሆን የሚበዛውም በጡንቻ ውስጥ ነው። ዴንማርካዊው የንስ ክርስቲያን ስኩ እ.ኤ.አ. በ1957 የገለጸው፣ በ1997ም የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተጋራበት ፓምፕ ሦስት ሶዲየም ወደ ውጭ እያስወጣ ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ነርቭና ጡንቻ ለትእዛዝ ዝግጁ ሆነው የሚጠብቁት ይህ ልዩነት ስላለ ነው። በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም በሊትር ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል መሆን አለበት። ከዚህ ሲቀንስ የጡንቻው ሽፋን ትእዛዝ ቢደርሰውም ለመነሳት ይከብደዋል፤ ከ3.0 በታች ሲወርድ ከጭን የሚጀምር መዛል ሊታይ ይችላል፤ ከ2.5 በታች ደግሞ የጡንቻ ሕዋሳት እየፈረሱ ሽንት እስከ መጥቆር፣ የልብ ምትም እስከ መዛባት ሊደርስ ይችላል። ደረጃ ሲወጡ ጭንዎ ቶሎ እንደሚዝል መጻፍዎን እኔ ከባትዎ መሸማቀቅ በላይ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። መሸማቀቅ ብቻውን ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ ብዙ ጤነኛ ሰዎችን የሚያስቸግር ነገር ነው፤ መሸማቀቅና የጭን መዛል ከሚያሸና መድኃኒት ጋር አንድ ላይ ሲመጡ ግን ምርመራ ሳያደርጉ ማለፍ አይገባም።

መድኃኒቱ የሚሠራው በኩላሊት ቱቦዎች ውስጥ ጨው ወደ ደም ተመልሶ እንዳይገባ በማገድ ነው። ያልተመለሰው ሶዲየም ወደ ቱቦው የመጨረሻ ክፍል ሲደርስ ኩላሊት ከፊሉን በፖታሲየም እየለወጠ ያስቀረዋል፤ ፖታሲየሙም በሽንት ይሄዳል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለእርስዎ በቀጥታ ይጠቅማል፦ ብዙ ጨው በበሉ ቁጥር ወደዚያ ክፍል የሚደርሰው ሶዲየም ስለሚበዛ የሚያጡት ፖታሲየምም ይበዛል። ማግኒዥየምም በዚሁ መድኃኒት ይባክናል። ማግኒዥየም ሲያንስ ኩላሊት ፖታሲየምን መያዝ ያቅተዋል፤ ስለሆነም ሁለቱም ባነሱበት ሰው ላይ ማግኒዥየሙ ሳይስተካከል ፖታሲየም ብቻ ቢሰጥ ቁጥሩ አልነሳ ይላል። ካልሲየምን ግን ይህ መድኃኒት በተቃራኒው ያስቀረዋል እንጂ አያባክነውም፤ ስለዚህ ካልሲየም በራስዎ ፈቃድ መጨመር አያስፈልግም።

እህትዎ ወደ ላኩልዎ ማግኒዥየም ልምጣ። የአንድ አዋቂ ሰው አካል 25 ግራም ያህል ማግኒዥየም ይይዛል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአጥንት፣ የቀረው በአብዛኛው በጡንቻና በሌሎች ለስላሳ ክፍሎች ውስጥ ሲሆን በደም ውስጥ ያለው ከ1 በመቶ ያንሳል። ከኤቲፒ ጋር ካለው ጥምረት በተጨማሪ ማግኒዥየም የካልሲየም ተቀናቃኝ ነው፤ በነርቭ ጫፍ ላይ ካልሲየም እንዳይገባ ስለሚሻማው የአሴቲልኮሊንን መለቀቅ ይቀንሳል። ይህን ጠባዩን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የወሊድ ክፍል ነው። በእርግዝና የደም ግፊት የተነሳ እንዳትንቀጠቀጥ ማግኒዥየም ሰልፌት የሚሰጣት እናት፣ መጠኑ ከበዛባት በመጀመሪያ የጉልበቷ የመዶሻ ምላሽ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ትንፋሿ ይዳከማል። አዋላጆች የጉልበቷን ምላሽ፣ የትንፋሿን ብዛትና የሽንቷን መጠን እየደጋገሙ የሚመለከቱት ለዚህ ነው፤ ማርከሻውም ካልሲየም ግሉኮኔት ነው።

ማግኒዥየም ነርቭንና ጡንቻን የሚያረጋጋ ከሆነ መሸማቀቅን ያስታግሳል ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ ይመስላል፤ የመድኃኒት መደብሮችም ይህን ተስፋ ይሸጣሉ። ይሁን እንጂ ማግኒዥየም ባላነሳቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር ውጤቱ ደካማ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመና በእስራኤል በተካሄደ ሙከራ፣ የሌሊት መሸማቀቅ የሚያስቸግራቸው 94 አዋቂዎች ለአራት ሳምንታት ከፊሎቹ ማግኒዥየም ኦክሳይድ፣ ከፊሎቹ ምንም መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን ወሰዱ፤ በሁለቱም ቡድኖች በሳምንት የሚደርሰው መሸማቀቅ በ3 ያህል ቀነሰ፤ በመካከላቸውም ትርጉም ያለው ልዩነት አልታየም። የሕክምና ሙከራዎችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት በ2020 ያደሰው ግምገማም ማግኒዥየም በዕድሜ የገፉ ሰዎችን መሸማቀቅ የሚከላከል መሆኑ አጠራጣሪ ነው ወደሚል መደምደሚያ ደርሷል፤ በነፍሰ ጡሮች ላይ ያለው ማስረጃም እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። የሙከራዎቹ ትምህርት በአምሳያው ክኒንም ቢሆን ሰዎች መሻሻላቸው ነው። መሸማቀቅ በራሱ የሚመጣና የሚሄድ ስለሆነ፣ በባሰበት ሰሞን የተጀመረ ማንኛውም ነገር የፈወሰ ይመስላል።

ጡንቻው ለምን ይሸማቀቃል ለሚለው፣ ዛሬ ይበልጥ ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ ጥፋቱን ከጡንቻው ወይም ከማዕድኑ ይልቅ በነርቩ ላይ ያደርገዋል፦ የደከመ ወይም ለረጅም ጊዜ አጥሮ የቆየ ጡንቻ የሚያዝዘው ነርቭ ከሚገባው በላይ ይነቃቃል። ይህን ከሚደግፉት ነገሮች አንዱ በ2010 የወጣ ሙከራ ነው። ተመራማሪዎች የጥቂት ወጣቶችን የእግር ጣት ጡንቻ በኤሌክትሪክ ቀስቅሰው እንዲሸማቀቅ ካደረጉ በኋላ፣ አትክልት የተዘፈዘፈበትን ጨውና ኮምጣጤ ያለው ፈሳሽ ሲያጠጧቸው፣ ውሃ ከጠጡበት ጊዜ ይልቅ ቶሎ ተፈታላቸው። መሸማቀቁ የተፈታው ፈሳሹ ከሆድ ወደ ደም ሳይደርስና በደማቸው ያለው ማዕድን ሳይለወጥ ስለነበር፣ የሠራው ማዕድኑ ሳይሆን የኮምጣጤው ጉሮሮን ማቃጠል በነርቭ በኩል ያስነሳው ምላሽ ነው ተብሎ ይታመናል። ሌሊት የባት ጡንቻ በቀላሉ የሚሸማቀቀውም ስንተኛ ጣቶቻችን ወደ ታች ተዘርግተው ጡንቻው አጥሮ ስለሚቆይ ነው። ስለዚህ በያዘዎት ጊዜ ጉልበትዎን ዘርግተው የእግርዎን ጣቶች ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ ከመተኛትዎ በፊትም ግድግዳ ተደግፈው ተረከዝዎን ከመሬት ሳያነሱ ባትዎን ይሳቡት። በኔዘርላንድ ዕድሜያቸው ከ55 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ይህን የመሰለ መሳሳብ ለስድስት ሳምንታት በየምሽቱ መሥራት መሸማቀቁን ቀንሶላቸዋል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከመድኃኒት ጋርም አይጋጭም።

የሩጫ ባልደረቦችዎን ምክር ግን አልደግፈውም። ጨው አጥቶ መሸማቀቅ በእርግጥ አለ፤ በመርከብ ምድጃ ፊት ከሰል ይጭሩ የነበሩና በጥልቅ ማዕድን ማውጫ የሚሠሩ ሰዎች ለሰዓታት እጅግ አልቧቸው ባዶ ውሃ ብቻ ሲጠጡ ይደርስባቸው ነበር፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ ከቤት ውጭ የሚሠሩ ወገኖቻችንም ለዚህ ይጋለጣሉ። በአዲስ አበባ የማለዳ ብርድ አንድ ሰዓት የሚሮጥ ሰው ግን እዚያ ደረጃ አይደርስም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ሲሆን፣ ወጥ ለብቻው ይህን ለመሙላት ብዙ አይቸገርም። እርስዎ ደግሞ የደም ግፊት ያለብዎት፣ ከላይ እንዳልኩትም ጨው ፖታሲየምዎን ይበልጥ የሚያስወጣብዎት ሰው ስለሆኑ፣ የተበጠበጠው ጨው በሁለት በኩል ይጎዳዎታል። ውሃ ከመጠን በላይ መጠጣትም መፍትሔ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ከተመረመሩት 488 ሯጮች 13 በመቶው በደማቸው ያለው ሶዲየም ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ በሩጫው ላይ ክብደት እስኪጨምሩ ድረስ የጠጡት ለዚህ ይበልጥ ተጋልጠው ነበር። የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሶዲየሙ በቀላሉ ስለሚወርድ በጥማት ልክ መጠጣት ይበቃዎታል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላንሳ። በጾም ወቅት ማለዳ ሮጠው፣ ክኒኑን ውጠው፣ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ የሚቆዩ ከሆነ፣ በላብና በሽንት ያጡትን ለረጅም ሰዓታት ሳይተኩ ይቆያሉ። በእነዚያ ቀናት ሩጫውን ወደ ማታ ማዞር ይሻላል፤ የክኒኑን ሰዓት ስለማዛወር ደግሞ ሐኪምዎን ያማክሩ።

የጾም ምግብ ያሳጣናል ወይ ለሚለው፣ በማግኒዥየም በኩል መልሱ አያሳጣም ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከ180 ሚሊግራም በላይ ማግኒዥየም የሚይዝ ሲሆን፣ ለአዋቂ በቀን የሚመከረው ከ310 እስከ 420 ሚሊግራም ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሰሊጥ ሲጨመሩበት የጾመኛ ገበታ ከብዙ የሥጋ ገበታ ይበልጣል። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት ማዕድናትን ይዞ እንዳይሰርጉ የሚያደርግ መሆኑ እውነት ነው፤ ሊጡ ሲቦካ ግን የፋይቴቱ መጠን ስለሚቀንስ፣ በደንብ የቦካ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ የተሻለ ነው። ፖታሲየም በቀን ቢያንስ 3.5 ግራም እንዲገኝ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 400 ሚሊግራም ያህል ይሰጣል፤ ግማሽ አቮካዶ ከዚያ ጥቂት ይበልጣል፤ ድንች፣ ምስርና ሽምብራም የታወቁ ምንጮች ናቸው። እዚህ ላይ የማየው የወጥ ቤት ስሕተት ጎመን ተቀቅሎ ውሃው ተጨምቆ መደፋቱ ነው። ፖታሲየም በውሃ ስለሚሟሟ ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ በጥቂት ውሃ አብስሎ ውሃውን እዚያው መምጠጥ ይሻላል። (ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ድንች ቀቅለው ውሃውን እንዲደፉ የሚመከሩት በዚሁ ምክንያት፣ ለተቃራኒው ዓላማ ነው።)

የካልሲየም ነገር ወተትና አይብ በሌሉበት ትኩረት ይፈልጋል። ጎመንና ቆስጣ በብዙ ሰው ዘንድ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ በካልሲየም በኩል ግን አይገናኙም። ቆስጣና የቅርብ ዘመዱ ስፒናች ኦክሳሌት የሚባል ካልሲየምን አንቆ የሚይዝ ንጥረ ነገር ይበዛባቸዋል፤ ከስፒናች ካልሲየም ወደ ሰውነት የሚሰርገው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን ከወተት 30 በመቶ ያህል ይሰርጋል። የጎመን ዘሮች ኦክሳሌታቸው ዝቅተኛ በመሆኑ የሚሰጡት ካልሲየም ከወተቱ በማይተናነስ ሁኔታ ይሰርጋል። ሆኖም ካልሲየም ከአንጀት እንዲሰርግ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ ቫይታሚን ዲ ደግሞ ማዕድን ባይሆንም በብዛት የሚገኘው ከፀሐይ ነው። ቀኑን ሙሉ በቢሮ ወይም በቤት ውስጥ የሚውሉ፣ ሰውነታቸውን ሸፍነው የሚለብሱ፣ እንዲሁም ጠቆር ያለ ቆዳ ይዘው ፀሐይ በሚያንስባቸው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች በቀላሉ ያንሳቸዋል። እጥረቱ ሲጠና ከወንበር መነሳትና ደረጃ መውጣት ያስቸግራል፤ ስለዚህ የጭንዎ መዛል ከፖታሲየም ቀጥሎ ይህንንም ያስጠረጥራል።

ብረት መኮማተሩን በቀጥታ አይመራም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን፣ በጡንቻ ውስጥ የሚያቆየው ማዮግሎቢን፣ ኤቲፒ የሚመረትባቸው የሕዋስ ክፍሎችም ያለ ብረት አይሠሩም። ሲያንስ ሯጭ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እግሩ ይከብደዋል። ጤፍ በብረት የበለጸገ መባሉ እውነት ቢሆንም፣ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር ስለሆነ በሙሉ አይሰርግም። ከምግብ በኋላ የሚፈላው ቡናም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመ ጥናት አንድ ሲኒ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ የብረቱን መስረግ በ39 በመቶ ቀንሶታል፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣም ያው ሲሆን፣ ከምግቡ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ሲጠጣ ግን ምንም አልቀነሰም። ሻይ የባሰ ነበር። ቡናውን ተዉ ለማለት አልደፍርም፤ ከምሳ በፊት ቢፈላ ግን እንግዳም ብረትም አይጎዳም። ወንድና የ52 ዓመት ሰው ስለሆኑ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ ብረትዎ አንሶ ከተገኘ ምክንያቱ ምግብ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ቀስ እያለ የሚፈስ ደም፣ ወይም ደም የሚመጥ የአንጀት ትል መኖሩ መጣራት አለበት።

የቀሩትን በአጭሩ ላንሳቸው። ፎስፈረስ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ስለሚበዛ በደህና ከሚመገብ ሰው አይጎድልም፤ አደጋው ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በድንገት ብዙ ሲመገብ የሚፈጠር ነው። ሴሌኒየም በአፈሩ ልክ በእህል ውስጥ ይለያያል፤ በቻይና ኬሻን አካባቢ እጥረቱ የልብን ጡንቻ ጎድቶ ብዙ ሰው ገድሏል። አዮዲን ሲያንስ የታይሮይድ እጢ ይዳከማል፣ የተዳከመ ታይሮይድም መሸማቀቅና መዛል ያመጣል፤ ስለዚህ አዮዲን ያለውን ጨው ይጠቀሙ፣ ግን መጠኑን አያብዙ።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። ክኒኑን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ፤ ግፊቱ በድንገት ቢወጣ ጉዳቱ ከመሸማቀቁ ይበልጣል። በዚህ ሳምንት ሐኪምዎ ዘንድ ሄደው የፖታሲየም፣ የሶዲየም፣ የማግኒዥየምና የካልሲየም መጠን፣ ክሬያቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ)፣ የደም ስኳር፣ የታይሮይድ ምርመራ፣ ሄሞግሎቢንና ከተቻለ ፌሪቲን (የተከማቸ ብረትን የሚያሳይ) እና ቫይታሚን ዲ እንዲታይልዎ ይጠይቁ። የኮሌስትሮል ማውረጃ ስታቲን የሚወስዱ ከሆነ እሱንም ይንገሩ፤ ጡንቻ ላይ የሚያመጣው ሕመም ከዚህ ጋር ይምታታል። ፖታሲየሙ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ፣ እንደ አምሎዲፒን ወዳለ ሌላ መድኃኒት ሊቀይር ወይም ፖታሲየም የሚያስቀር ሊጨምርበት ይችላል። ማግኒዥየም በደም ውስጥ ያለው ጥቂት ስለሆነ፣ ቁጥሩ ትክክለኛ ሆኖ ሳለ በጡንቻው ውስጥ ሊያንስ እንደሚችል ሐኪሙ ግምት ውስጥ ያስገባዋል። የልብ ትርታ መዛባት፣ በቀናት ውስጥ እየባሰ የሚሄድ መዛል ወይም የጠቆረ ሽንት ካዩ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ኩላሊትዎ ጤነኛ መሆኑ ከታወቀ እህትዎ የላኩትን ማግኒዥየም ለአንድ ወር ቢሞክሩት ብዙ ጉዳት የለውም። በብልቃጡ ላይ የማግኒዥየሙን ንጹሕ መጠን ያንብቡ፤ ከምግብ ውጭ በቀን ከ350 ሚሊግራም አይለፉ፣ ከዚያ በላይ ተቅማጥ ያመጣል፣ ተቅማጡም ፖታሲየምዎን ይወስዳል። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ዶክሲሳይክሊን ወይም የታይሮይድ ክኒን የሚወስዱበት ጊዜ ከመጣ በሰዓታት ያራርቁት፤ ማግኒዥየም እነዚህን መድኃኒቶች በአንጀት ውስጥ ይይዛቸዋል።

ለእናትዎ ግን ክኒኑን እንዳይሰጧቸው። የእርሳቸው ጉዳይ የእርስዎ ተቃራኒ ነው። ኢናላፕሪልም ሆነ ስፓይሮኖላክቶን ፖታሲየም በሰውነት ውስጥ እንዲቀር ያደርጋሉ፤ በ78 ዓመት ዕድሜ ደግሞ ኩላሊት ብዙ ጊዜ ይዳከማል፣ የተዳከመ ኩላሊት ማግኒዥየምንም ፖታሲየምንም አያስወጣም። የተከማቸ ማግኒዥየም ድብታ ያመጣል፣ ጡንቻን ያዝላል፣ የልብ ምት ያዘገያል፤ የተከማቸ ፖታሲየም ልብን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያቆም ይችላል። በገበያ ላይ «ለግፊት ተስማሚ» እየተባለ የሚሸጠው ጨው ከፊሉ ፖታሲየም ክሎራይድ ስለሆነ፣ እርሱም በእናትዎ ወጥ ውስጥ መግባት የለበትም። እግራቸውን የሚያማቸው ከሆነ በመጀመሪያ ክሬያቲኒናቸውና ፖታሲየማቸው ይለካ፤ ስፓይሮኖላክቶን ከጀመሩ በኋላ ተለክቶ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ የእርሳቸው ምርመራ ከእርስዎ ይቅደም።